ሕንፃው ሳይቆም ፕላኑ ይታረም

በየከተማው ስንዘዋወር ከምናያቸው ነገሮች አንዱ ተጀምሮ የቆመ ሕንፃ ነው። መሠረቱ ወጥቷል፤ የምድር ቤቱ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ በሶሌታው ላይ ፌሮው ወደ ሰማይ ተቀስሮ ዝጓል፤ የባሕር ዛፉ ድጋፍ ግራጫ ሆኖ ከሥሩ ሣር በቅሎበታል። በአጥሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የሥራውን ስም፣ የባለቤቱን መሥሪያ ቤትና ሥራው የሚያልቅበትን ቀን ይናገራል፤ ቀኑ ግን ካለፈ ቆይቷል። ሕንፃው ያልቃል ተብሎ ሲጠበቅ ሠራተኛው በኪራይ ቤት ተጣቦ፣ መዝገቡ በመተላለፊያ ላይ ተከምሮ፣ ባለጉዳዩም ከበረንዳ ቆሞ ይውላል።

ምክንያቱ ሲጠየቅ አንዱ ባጀት አለቀ ይላል፤ ሌላው ሲሚንቶ ጠፋ፣ ፌሮ ተወደደ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ተቋራጩን ይወቅሳል። ሁሉም በየበኩላቸው እውነት አላቸው። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም፣ ብዙ ጊዜም የማይነሣ አንድ ምክንያት አለ። እርሱም ሕንፃው ገና በወረቀት ላይ ሳለ ከአቅሙ፣ ከቦታውና ከጊዜው ጋር ሳይመዛዘን መታቀዱ ነው። እናቶቻችን መጥኖ መደቆስን የሚያስቀድሙት ድስቱ ከተጣደ በኋላ የሚመጣው ጸጸት እንደማይጠቅም ስለሚያውቁ ነው። የሕንፃም ሥራ ከዚህ አይለይም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የአንድ መሥሪያ ቤት ሕንፃ ፕላን ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንደገና ቢታይና ቢታረም፣ ገንዘብና ጊዜ ከየት ከየት ሊተርፍ እንደሚችል ነው። ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ቦታ መምረጥ ስለሚያስፈልግ፣ በደቡብ ወሎ ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደጋው ላይ የምትገኘውን ኩታበርን ወስደናል። በዚያች ከተማ ምድር ቤትና ሦስት ፎቅ ያለው፣ ርዝመቱ 30 ሜትር፣ ወርዱ 12 ሜትር የሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊሠራ ታስቧል እንበል። ሕንፃው ለምሳሌ ያህል የተወሰደ ነው፤ የአገሩ ጠባይ ግን እንዳለ ነው።

አራት ጥያቄዎች

ፕላንን እንደገና መመርመር ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። የተጀመረውም ከችግር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የሚገኘው ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ የለመዳቸውን ዕቃዎች ማግኘት ስላልቻለ በሌላ ዕቃ መተካት ግድ ሆነበት። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ተተኪው ዕቃ ብዙ ጊዜ ከፊተኛው የረከሰ፣ በአገልግሎቱም የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ሎውረንስ ማይልስ የተባለው የኩባንያው መሐንዲስ ይህን በአጋጣሚ የተገኘ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1947 በሥርዓት አዘጋጅቶ ዘዴ አደረገው።

የዘዴው ፍሬ ነገር በጥቂት ጥያቄዎች ይጠቃለላል። ይህ ነገር ሥራው ምንድን ነው? ዋጋው ስንት ነው? ይህንኑ ሥራ ሊሠራ የሚችል ሌላ ምን አለ? የዚያስ ዋጋው ስንት ነው?

ጥያቄዎቹ ቀላል ይምሰሉ እንጂ አንድ ትልቅ ለውጥ አለባቸው። ስለ ዕቃው ከመጠየቅ አስቀድመው ስለ ሥራው ይጠይቃሉ። በፕላኑ ላይ ከላይ እስከ ታች መስተዋት የለበሰ ግድግዳ ተሥሎ ብናይ፣ የለመድነው ጥያቄ «መስተዋቱን ከየትኛው ነጋዴ በርካሽ እናገኛለን?» የሚል ነው። በዚህ ዘዴ የሚጠየቀው ግን «የዚህ ግድግዳ ሥራው ምንድን ነው?» ተብሎ ነው። ብርሃን ማስገባት፣ ነፋስና ዝናም መከልከል፣ ሕንፃውንም ማስጌጥ ከሆነ፣ እነዚህን ሦስቱን የሚፈጽም ሌላ ነገር መኖሩ ወዲያው ይታያል።

ኩታበር ላይ ሲፈተን

እንግዲህ የታሰበውን ፕላን ይዘን ወደ ኩታበር እንሂድ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው መሬቱ ነው። አገሩ ተራራማ ስለሆነ ሜዳ የሆነ የግንባታ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ቦታው በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ ተዳፋት ነው እንበል። የሕንፃው ርዝመት ከላይ ወደ ታች በቁልቁለቱ ላይ ቢጋደም፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል የ3 ሜትር ከፍታ ልዩነት ይኖራል፤ መሬቱን ቆርጦ ለማስተካከልም 540 ሜትር ኩብ አፈር ማንሣት ያስፈልጋል። ያንኑ ሕንፃ አዙረን ርዝመቱን በተራራው ወገብ አግድም ብናስተኛው ግን፣ ልዩነቱ 1 ሜትር ከ20 ብቻ ይሆናል፤ የሚነሣውም አፈር ወደ 216 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ትርፉ 324 ሜትር ኩብ፣ በ16 ሜትር ኩብ ገልባጭ መኪና ሲቈጠር 20 ምልልስ መሆኑ ነው፤ የደጋፊ ግንቡም ቁመት አብሮ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ የተገኘው በወረቀት ላይ አንድ ሥዕል በማዞር ነው። አንድ ክፍል አልጎደለም፤ አንድ ምሰሶም አልቀጠነም።

ስለ መሬት ስናነሣ የአፈሩን ነገር መርሳት አይገባም። በደጋው ሜዳማ ቦታዎች ላይ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ላይ የተጣለ መሠረት አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወድቃል። አፈሩ ሳይመረመር ፕላን ወጥቶ ሥራ ከተጀመረ፣ ጉድጓዱ ከታሰበው በላይ ሲጠልቅ፣ ገረጋንቲ ሲጓጓዝና ተጨማሪ ክፍያ ሲጠየቅ ወራት ያልፋሉ። ለአፈር ምርመራ የሚወጣው ገንዘብ በዚያ ጊዜ ከሚጠፋው ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው የምሰሶዎች አቀማመጥ ነው። ፕላን አውጪው አዳራሽ የመሰለ ሰፊ ክፍል ለማግኘት ምሰሶዎቹን በርዝመቱ በኩል በየ7 ሜትር ተኩል አራርቆ አስቀምጧል እንበል። ምሰሶዎቹ በየ6 ሜትሩ ቢቆሙስ? በአንድ ዓይነት ጭነት ሥር ያለ አግዳሚ ላይ የሚደርሰው የመጉበጥ ኀይል የሚያድገው በርዝመቱ መጠን ሳይሆን ርዝመቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ሒሳብ የሚወድ ተማሪ 7.5 በ7.5 አባዝቶ፣ 6 በ6 ካባዛው ላይ ቢያካፍል 1.56 ያገኛል። ርቀቱ በአንድ ሩብ ሲጨምር የመጉበጡ ኀይል ከግማሽ በላይ ይጨምራል ማለት ነው። ይህን የሚሸከመው ፌሮው፣ የአግዳሚውም ውፍረት ነው። በየ6 ሜትሩ ሲሆን በየፎቁ ምሰሶዎቹ ከ15 ወደ 18 ከፍ ይላሉ፤ ሦስት ምሰሶ ተጨምሮ የሁሉም አግዳሚ ብረት ይቀንሳል። የትኛው እንደሚሻል የሚታወቀው ሁለቱም ተሠልተው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። መዝገብ ቤትና የጸሐፊ ክፍል ግን የ6 ሜትር ስፋት አያንሳቸውም።

ሦስተኛው የፎቁ ቁመት ነው። የእያንዳንዱ ፎቅ ቁመት 3 ሜትር ከ60 ሆኖ ተሥሏል እንበል። በቆላ አገር ከፍ ያለ ጣሪያ ሙቀት ያስወግዳል፤ እንደ ኩታበር ባለ ብርዳም ደጋ ግን የተገኘው ትርፍ ከሰው ራስ በላይ የሚንሳፈፍ ቀዝቃዛ አየር ነው። ቁመቱ ወደ 3 ሜትር ዝቅ ቢል፣ የሕንፃው ዙሪያ 84 ሜትር ስለሆነ፣ በአራቱ ደረጃዎች 201 ሜትር ካሬ ያህል የውጭ ግድግዳ ይቀራል። ግድግዳው በውስጥና በውጭ ስለሚለሰን የሚቀረው ልስንና ቀለም የዚህ እጥፍ ነው። የመወጣጫው ደረጃዎችም በየፎቁ ከ22 ወደ 18 ይወርዳሉ፤ ይህን ደግሞ በየቀኑ ፋይል ይዞ የሚወጣው ተላላኪ ከማንም በላይ ያመሰግነዋል።

አራተኛው ሶሌታው ነው። ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሙሉ አርማታ ለአንዱ ፎቅ 54 ሜትር ኩብ አርማታ ይፈልጋል። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ቢገባ፣ 194 ኩንታል ያህል ይሆናል። በዚህ ፈንታ በየግማሽ ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ወርድና 24 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ቀጫጭን አግዳሚዎች ተዘርግተው፣ በመካከላቸው ባዶ ብሎኬት ተደርድሮ፣ ከላይ 6 ሳንቲ ሜትር አርማታ ቢፈስስበት፣ የአርማታው መጠን ወደ 39 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ብሎኬቱ ራሱ ሲሚንቶ ስለሚበላ ልዩነቱ ሁሉ ንጹሕ ትርፍ አይደለም። ትልቁ ጥቅም በእንጨቱና በጊዜው በኩል ነው። ሙሉው ሶሌታ ሲፈስስ 360 ሜትር ካሬ ቦታ በሞላ በሳንቃ መሸፈንና ከሥር በባሕር ዛፍ መደገፍ አለበት። አግዳሚዎቹ አስቀድመው በመሬት ላይ ተሠርተው ከቀረቡ ግን ጥቂት መደዳ ድጋፍ ይበቃል። ከዚህም በላይ መሠረቱ ሲቈፈር በግቢው ሌላ ወገን አግዳሚና ብሎኬት መሥራት ይቻላል። ሁለት ሥራዎች ተከትለው በመምጣት ፈንታ አብረው ይጓዛሉ።

አምስተኛው የሕንፃው ፊት ነው። ከላይ የጠቀስነው የመስተዋት ልባስ ከነአሉሚኒየሙ በአብዛኛው ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ወደብ ደርሶ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከዚያም ደሴ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ኩታበር ይወጣል። አንዱ ቢሰበር ምትኩ በዚያው መንገድ መምጣት አለበት። ሌሊት ብርዱን ያስገባል፤ ቀን በፀሐይ ጊዜ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠውን ጸሐፊ ያቃጥላል። የደጋው አገር ግን ድንጋይ አያጣም፤ የወሎ ደገኛም ቤቱን በድንጋይ መካብ ከጥንት ያውቅበታል። ጥርብ ድንጋይ ከባድና ቀስ ብሎ የሚሠራ ስለሆነ ሕንፃውን በሞላ በእርሱ መሥራት አይመከርም። መሠረቱን፣ ወለል ሥሩንና የምድር ቤቱን ፊት በድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ያለውን በብሎኬት ግድግዳ አድርጎ መጠነኛ መስኮት ማውጣት ግን ገንዘቡን በአገር ያስቀራል፤ የአካባቢው ግንበኛም እንጀራ ያገኝበታል። ለጣሪያው ቢሆን ኮምቦልቻ የቆርቆሮ ፋብሪካ አለ።

ስድስተኛውን በአጭሩ እንለፈው። መጸዳጃ ቤቶቹ በየፎቁ በተለያየ ማዕዘን ከሚበተኑ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው ቢቀመጡ አንድ የቧንቧ መስመር ለሁሉም ይበቃል። ብዙ ባለጉዳይ የሚያስተናግዱ ክፍሎችም ምድር ቤት ቢሆኑ ሽማግሌውና አካለ ስንኩሉ ደረጃ ከመውጣት ይድናሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የተመቹ እንዲሆኑ አዝዟልና፣ ይህ ቸርነት ሳይሆን ሕግ መፈጸም ነው።

ክረምትና የባጀት ዓመት

ገንዘቡን ካየን ወደ ጊዜው እንሻገር። በወሎ ደጋ የሥራ ጊዜን የሚወስኑ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ ዝናም፣ ሁለተኛው ባጀት ነው።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለቁፋሮና ለመሠረት የተመቸ በጋ ነው፤ የሌሊቱ ብርድ ግን አርማታው ቶሎ እንዳይጠነክር ስለሚያደርግ ሽፋንና ጥበቃ ይሻል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናም እየመጣ ይሄዳል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ክረምቱ ይገባና መንገዱ ይበላሻል፤ ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል፤ አሸዋና ጠጠር የሚያመላልሰው መኪናም ይቆማል።

የመንግሥት ባጀት ዓመት ደግሞ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን፣ በክረምቱ መካከል ነው። ገንዘቡ እስኪፈቀድ፣ ፕላኑ እስኪጸድቅ፣ ጨረታው እስኪወጣና ውሉ እስኪፈረም ጥር ወይም የካቲት ይደርሳል። ምርጡ በጋ በወረቀት ሥራ አለቀ ማለት ነው። ቁፋሮው በበልግ ይጀመራል፤ ግድግዳው ገና ሳይነሣ ክረምቱ ይደርሳል፤ በሰኔ 30 የባጀት ዓመቱ ይዘጋል።

እዚህ ላይ የፕላን እርማት ከሚያተርፈው የቀን ቍጥር የሚበልጥ ጥቅም ይሰጣል። የሥራው መርሐ ግብር «ከሰኔ በፊት ቆርቆሮ ይልበስ» በሚል አንድ ግብ ላይ ቢመሠረት፣ ልስኑ፣ የመብራት መስመሩ፣ በርና መስኮቱ፣ የወለሉም ሥራ በክረምቱ ውስጥ በጣሪያ ሥር ሊካሄድ ይችላል። ሶሌታውን በማቅለልና ቁፋሮውን በማሳነስ ስድስት ሳምንት ቢተርፍ፣ እነዚያ ስድስት ሳምንታት ጣሪያውን ከክረምቱ የሚያስቀድሙ ከሆነ የተረፈው ጊዜ አንድ ሙሉ ክረምት ነው። ፕላኑና የጨረታው ሰነድ ባለፈው ዓመት ባጀት ተዘጋጅቶ ቢጠብቅ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ለጨረታው ይውሉና ቁፋሮው በጥቅምት ይጀመራል።

የመዘግየት ዋጋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የዋጋ ንረት በዓመት ከመቶ 30 በላይ ነበር። ገና 10 ሚሊዮን ብር ሥራ የቀረው ሕንፃ በእንዲህ ያለ ዓመት ለአንድ ዓመት ቢቆም፣ ያው ሥራ 13 ሚሊዮን ይጠይቃል። አንድም ድንጋይ ሳይጨመር 3 ሚሊዮን ብር ሄደ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ፕላኑ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ የተሞላ ሕንፃ ይህ ለውጥ የቱን ያህል እንደሚያናጋው መገመት አያዳግትም።

ሌሎች እንዴት አደረጉ?

ፕላን በጊዜና በገንዘብ ተለክቶ ሲወጣ ምን እንደሚቻል የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ በኒውዮርክ ከተማ አለ። ኢምፓየር ስቴት የተባለው 102 ፎቅ ያለው የቢሮ ሕንፃ ሥራው እ.ኤ.አ. መጋቢት 17 ቀን 1930 ተጀምሮ ግንቦት 1 ቀን 1931 ተመረቀ። ከመሬቱ ዋጋ ጋር 50 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል የተባለው ወደ 41 ሚሊዮን በሚጠጋ ወጪ አለቀ። በዚያ ጊዜ የነበረው የኢኮኖሚ ውድቀት የዕቃና የጉልበት ዋጋ ማርከሱ እርግጥ ነው። ፍጥነቱን የሰጠው ግን ንድፉም ጭምር ነው። አርክቴክቶቹ መስኮቶቹን ከግድግዳው ገጽ ጋር እኩል አድርገው በመካከላቸው የብረት መዝጊያ በማስገባታቸው፣ የድንጋዩን ጠርዝ አንድ በአንድ በእጅ የማስተካከሉ ሥራ ቀረ። ተመሳሳይ ክፍሎች በፋብሪካ እየተሠሩ መጥተው በቦታው ይገጠሙ ነበር። የብረት አጽሙ በአማካይ በሳምንት አራት ፎቅ ተኩል ያህል ያድግ እንደ ነበር ይነገራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽን እናገኛለን። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ ስለ ሆነ፣ የስብሰባ አዳራሽና ቢሮዎችን የያዘ ሕንፃ አስፈለገ። ንድፉን ያወጣው ኢጣልያዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ ነው። ሥራው በ18 ወር ገደማ ተፈጽሞ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመረቀ። አሠሪው አንድ፣ የሚያልቅበትም ቀን የታወቀ ስለ ነበር ውሳኔ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንከራተት ጊዜ አልጠፋም። ፍጥነቱም ውበቱን አላስቀረም፤ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ሜትር ካሬ ስፋት ያለው ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕል ያለው በዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም በዚያው አዳራሽ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ለዕድሳቱ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ አዳራሹም እንደገና የተከፈተው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። ቅርስን ጠብቆ ማደስ ከባድ ሥራ ስለ ሆነ ሁለቱን ማወዳደር ፍርደ ገምድል ያሰኛል፤ ሆኖም የቆመ ነገርን መለወጥ ከወረቀት ላይ ከመለወጥ ምን ያህል እንደሚርቅ ያሳያል።

ሦስተኛው ምሳሌ የመኖሪያ ቤት ነው፤ ትምህርቱ ግን ለመሥሪያ ቤትም ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር ሆኖ በቦሌ ገርጂ በዝቅተኛ ወጪ የሚሠሩ ቤቶችን ሞከረ፤ ከዚያም ዛሬ ኮንዶሚኒየም የምንላቸው ቤቶች በብዛት ተከተሉ። ከላይ ያነሣነው አስቀድሞ የተሠራ አግዳሚና ባዶ ብሎኬት ያለው ሶሌታ በአገራችን በሰፊው የታወቀው በዚህ ፕሮግራም ነው። ፕላኖቹ ተደጋጋሚ ስለ ነበሩ በጥቃቅን ማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ብሎኬቱንና አግዳሚውን እያመረቱ ማቅረብ ቻሉ። በአጨራረስ ጥራትና በመዘግየት በኩል ብዙ ቅሬታ መሰማቱ አይካድም። ይህም ንድፍ ቢሻሻል እንኳ ቍጥጥር ካልተከተለው ትርፉ መንገድ ላይ እንደሚቀር ያስረዳል።

የማይነካው ነገር

ወጪ መቀነስ የሚለውን ቃል ብዙ ሰው በጥርጣሬ ያየዋል፤ ምክንያትም አለው። ሲሚንቶ አሳስቶ አሸዋ ማብዛት፣ ባለ 16ቱን ፌሮ በባለ 12 መተካት፣ የምሰሶውን ቀለበት ብረት ማራራቅ በአንዳንድ ቦታ ብልኀት ተብሎ ይቈጠራል። ይህ ከፕላን እርማት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ፕላን ሲታረም አዲስ ስሌት ይሠራል፤ ሥዕሉ ይለወጣል፤ ኀላፊነት የሚወስድ መሐንዲስ ይፈርምበታል። ሌላው ግን በጨለማ የሚደረግ ስርቆት ነው።

በወሎ ይህን በተለይ ማስታወስ ይገባል። አገሩ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የሚገኝ ስለሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ያውቀዋል። በ1953 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አዳራሽ በተመረቀ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ በተነሣው ብርቱ መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ተደጋግሞ የደረሰው መንቀጥቀጥም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ስለዚህ በምሰሶና በአግዳሚ መገናኛ ላይ ያለው ብረት፣ አስቀድመው በተሠሩት አግዳሚዎች ላይ የሚፈስሰው የሶሌታ አርማታና በውስጡ ያለው የብረት መረብ፣ የመሠረቱም ጥልቀት ለቍጠባ የሚቀርቡ አይደሉም። ምድር ቤቱን ያለ ግድግዳ ለመኪና ማቆሚያ ክፍት አድርጎ በላዩ ከባድ ፎቅ መጫንም እንዲሁ ርካሽ የሚመስል አደገኛ ነገር ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጉዳይ ወቅቱ ነው። ፕላን ሳይጸድቅ በፊት ሲታረም ዋጋው የመሐንዲሱ ጥቂት ቀናት ነው። ጨረታ ከወጣ በኋላ ሲታረም ሰነዱ እንደገና ይሠራል፤ ተጫራቾችም ይጠራሉ። ውል ተፈርሞ ተቋራጩ ቦታውን ከተረከበ በኋላ ሲታረም ግን ተጨማሪ ሥራ፣ ተጨማሪ ጊዜና የካሣ ጥያቄ ይከተላል። ግድግዳ ከቆመ በኋላ «ይህ ክፍል ለኀላፊው ጠበበ፤ አፍርሱት» የሚል ትእዛዝ የሚሰጥ አለቃ በአንዲት ቃል የብዙ ወራት ቍጠባ ያጠፋል።

አንድ ዓይነት ፕላን ለሁሉም ወረዳ የሚለውም አሳብ በልክ ይሁን። የተፈተነ ፕላን መድገም የንድፍ ወጪ ይቈጥባል፤ ግንበኛውም ሥራውን ስለሚያውቀው ይፋጠናል። ነገር ግን ለሞቃቱ ኮምቦልቻ የወጣ ፕላን ለብርዳማው ኩታበር እንዳለ አይስማማም። መሠረቱና የመስኮቶቹ አቅጣጫ በየቦታው እንደገና ይታዩ።

ከጠረጴዛው ወዲህ ላለው

ይህን ሁሉ የሚያነብ ወጣት ጸሐፊ ወይም ተማሪ «እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ይህ ምኔ ነው?» ይል ይሆናል። ይሁን እንጂ የመሥሪያ ቤቱን ፍላጎት የሚጽፈው፣ የክፍሎቹን ቍጥር የሚዘረዝረው፣ በግዢና በርክክብ ኮሚቴ ላይም የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ ነው። መሐንዲሱ የሚሥለው የተጻፈለትን ፍላጎት ነው። «ሃያ ክፍል ያስፈልገናል» ተብሎ ሲጻፍለት ሃያ ክፍል ይሥላል፤ ከሃያው ስድስቱ በወር አንድ ጊዜ የሚከፈቱ የስብሰባ አዳራሾች መሆናቸውን የሚያውቀው የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነው።

ስለዚህ ፕላን በጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ከመፈረሙ በፊት እነዚህን ይጠይቅ። የአፈሩ ምርመራ ተደርጓል ወይ? ሕንፃው በተዳፋቱ ላይ የተጋደመው ለምን በዚህ አቅጣጫ ሆነ? ከዕቃዎቹ ውስጥ ከውጭ አገር የሚመጡት የትኞቹ ናቸው? በአገር ያለ ምትክስ የላቸውም ወይ? ምሰሶዎቹ ለምን ይህን ያህል ተራራቁ? ቆርቆሮው ከሰኔ በፊት ይለብሳል ወይ? ባለጉዳዩ የሚስተናገደው በስንተኛው ፎቅ ነው? ለእነዚህ መልስ ያለው መሐንዲስ በጥያቄው አይቀየምም፤ እንዲያውም ሥራውን የሚረዳለት ሰው በማግኘቱ ደስ ይለዋል።

የመንግሥት ሕንፃ ዋጋው የሚከፈለው ከሕዝብ ኪስ ነው። በተዳፋቱ ላይ በከንቱ በሚቈረጠው አፈር፣ በማያስፈልገው ከፍታና ከባሕር ማዶ በሚመጣው መስተዋት የሚባክነው ገንዘብ ለጤና ጣቢያ መድኃኒት፣ ለትምህርት ቤት ወንበር ሊሆን የሚችል ነበር። የሚባክነውም ጊዜ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ «ነገ ተመለስ» የሚባለው የገበሬው ጊዜ ነው። እርሱ ፕላኑን አያይም፤ በውሉም ላይ አይፈርምም። ስለ እርሱ ሆኖ ፕላኑን ቀድሞ ማየት ከጠረጴዛው ወዲህ የተቀመጠው ሰው ፋንታ ነው።